ዋጋን ስለ መቀነስና ስለ ኤሌክትሮን

የካምብሪጁ አኮርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1983 «ኤሌክትሮን» የተባለውን የቤት ኮምፒውተር በ199 ፓውንድ ለገበያ ሲያቀርብ፥ አሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች መዐርግ ያገኘው ታላቅየው ቢቢሲ ማይክሮ፥ ሞዴል ቢ የተባለው ዓይነቱ 399 ፓውንድ ያወጣ ስለ ነበረ፥ ልጁ በትምህርት ቤት የጀመረውን ዕውቀት በቤቱ እንዲቀጥል የሚወድ ወላጅ ሁሉ ሊደፍረው የሚችል ዋጋ አልነበረምና።

ኤሌክትሮንን የሚነቅፉት ስለ ጎደለው ነገር ነው። በእርግጥም ድምፁ አንድ ብቻ ነው፥ የቴሌቴክስት ገጽም የለውም፤ ይልቁንም 32 ኪሎባይት የሆነው ማኅደረ ትውስታው በአራት ቺፖች ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱን ባይት ለሁለት ከፍሎ ማንበብ ግድ ሆኖበት፥ የታላቁን ዓይነት 6502 ፕሮሰሰር ይዞ ሳለ ሥራው ይዘገያል። እኔ ግን ሠሪዎቹን የማመሰግናቸው ሳይነኩ ስለ ተዉት ነው፤ ቢቢሲ ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሳይሸራረፍ ገብቶበታል፥ የመጻፊያው ቁልፎችም የእውነት ቁልፎች ነበሩ (በተወዳዳሪው በስፔክትረም የጎማ ቁልፎች ላይ ረጅም ጽሕፈት የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደ ሆነ ያውቃል)።

ነቀፋዬ ሌላ ነው። ኩባንያው ወጪ ለመቆጠብ ሲል በታላቁ ማሽን ለብዙ ቺፖች ተከፋፍሎ የነበረውን ሥራ፥ ፌራንቲ በሠራት በአንዲት ልዩ ቺፕ ጠቅልሎ ጫነው፤ እርስዋም በሚፈለገው ብዛት ሳትገኝ በቀረች ጊዜ፥ እንደ ድልድይ ምሰሶ ሁሉ በእርስዋ ላይ ቆሞ ነበርና፥ ምርቱ ሁሉ ተገታ። ለዚያው ዓመት የልደት በዓል 300,000 ያህል ትእዛዝ ሲቀርብ፥ ለገዢ የደረሰው 30,000 ገደማ ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። በዓል ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ወላጅም ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ማሽን ሄደ። ምርቱ ሲቃና፥ አስቀድሞ ውል የታሰረበት ብዙ ማሽን ገበያው በቀዘቀዘበት ወራት ስለ ደረሰ በመጋዘን ተከማቸ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያም የኢጣልያው ኦሊቬቲ ከአኮርን አክሲዮን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ያዘ።

ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ዘግይቶ የገዛው ቤተሰብ ይመስለኛል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ፥ ሙሉውን ቤዚክና በነጭና በጥቁር ብቻም ቢሆን «ኢላይት» የተባለውን የጠፈር ጨዋታ የሚያስኬድ ማሽን፥ ያለ ወረፋ ከሱቅ አንሥቶ ሄደ።