አስኳላ ማለት ፋታ ማለት ነው

በክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ዛሬም «የአስኳላ ተማሪዎቹ መጡ» ይሉናል። እኛም ቃሉ ያረጀ መስሎን ፈገግ ብለን እናልፋለን። ያረጀስ አርጅቷል፤ ነገር ግን ከግሪክ ተነሥቶ አውሮፓን ያዳረሰ፣ ከዚያም እኛ ዘንድ የደረሰ ቃል ነውና ጥቂት ብንመረምረው አይከፋም።

ግሪኮች «ስኮሌ» ሲሉ በመጀመሪያ ፋታ፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለታቸው ነበረ። ፋታ ያገኘ ሰው ተቀምጦ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፤ ስለዚህ ቃሉ ለክርክሩ፣ ኋላም ክርክሩ ለሚደረግበት ስፍራ መጠሪያ ሆነ። ሥራ መያዝን ደግሞ «አስኮሊያ»፣ ፋታ ማጣት፣ አሉት። እኛ ሥራ የሌለውን «ሥራ ፈት» ብለን ስንነቅፍ፣ እነርሱ ሥራ የያዘውን ፋታ ያጣ አሉት ማለት ነው።

ሮማውያን «ስኮላ» ብለው ከተቀበሉት ወዲያ ሁሉም እንደ አፉ አደረገው፤ ጣሊያን ስኩዎላ፣ ጀርመን ሹለ፣ እንግሊዝ ስኩል፣ መስኮብ ሽኮላ አለ። በሁለት ተነባቢ መጀመር የከበደው ከፊት አናባቢ ጨመረ፤ እስፓኝ ኤስኩዌላ፣ ሀንጋሪ ኢሽኮላ፣ ፈረንሳይም ኤስኮል ብሎ ኋላ «ስ»ን ጥሎ ኤኮል አለ። የእኛም «አ» የመጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። ትርጓሜውም ባለበት አልቆየም፤ በቬኒስ ስኩዎላ የምእመናን ማኅበር ስም ነበረ፣ በይዲሽ ሹል ምኵራብ ነው። (እንግሊዞች የዓሣ መንጋን ስኩል የሚሉት ግን ከሆላንድ በመጣ በሌላ ቃል ስለ ሆነ፣ በዚህ ሊረታን የተዘጋጀ ወዳጅ እንዳይደክም።)

ከሁሉ የደነቀን የዌልሶች ነው። ሁለት የላቲን ቃላት፣ የትምህርት ቤቱ «ስኮላ» እና የመሰላሉ «ስካላ»፣ በአፋቸው ተደባልቀው አንድ «እስጎል» ሆኑ። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ በእኛም ግቢ አስኳላ መሰላል ከሆነ ቆይቷልና። «ይህ ለፈተና ይመጣል ወይ?» ሳይባል የሚገለጥ መጽሐፍ ስንት ነው? መሰላል ላይ ያለ ሰው ፋታ የለውም፤ የሚያየውም ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው።

ፋታ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አሪስቶትል የምንደክመው ፋታ ለማግኘት ነው ብሎ ያስተማረ ሰው ነው፤ ይኸው ሰው አንዳንዱ በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎም ጽፏል። የአቴናው ጨዋ ሲከራከር የሚያርስለትና የሚፈጭለት ባሪያ ነበረ። የእኛ የቆሎ ተማሪ ግን አኮፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል፤ ፋታውን የሰጠችውን ሴት በፊቷ ያውቃታል፣ ውሻዋንም ጭምር ያውቀዋል። እኛ የአስኳላዎቹ ግን እንጀራውን በሰልፍ እንቀበላለን እንጂ የማን እንደ ሆነ አንጠይቅም።

«የወጪ መጋራት ተደንግጎ የለም ወይ? ፈርመናል፣ እንከፍላለን» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ልክ ነው፣ የእንጀራው ዋጋ ይከፈላል። ነገር ግን በእኛ ዕድሜ ያለው ልጅ ሞፈር ይዞ በዋለበት ሰዓት እኛ ተቀምጠን ማሰባችን በዚያ ውል ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ምሽት አንድ አዳራሽ እንዲያስከፍት እናሳስባለን፤ ነጥብ የማይሰጥበት፣ ስም የማይጠራበት፣ መምህራንም እንደ ማንኛውም ሰው እጃቸውን አውጥተው የሚናገሩበት። የምግብ ቤት ሠራተኞችና ዘበኞችም ይጋበዙ። ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ተኩል ቢሆን፣ ሳህን የሚያጥቡትም ጨርሰው ይደርሳሉ።