ስሕተቱን ዕቃው ሲናገር

ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የከፈቱት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ነው። መነሻው የትምህርት ምርምር አልነበረም። በሰፈሩ በታደሱት የኪራይ ሕንፃዎች የሚኖሩ ወላጆች ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለሚውሉ፣ ለትምህርት ያልደረሱ ልጆቻቸው ብቻቸውን እየቀሩ ግድግዳና ደረጃ ያበላሹ ነበር። ስለዚህ የሕንፃዎቹ ባለቤቶች ጠባቂ ፈለጉላቸው። ሞንቴሶሪ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ሐኪም ናቸው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ሲሠሩ፣ የፈረንሳውያኑን ሐኪሞች የኢታርንና የሴጋንን ሥራ ተከትለው እጅን የሚያሠሩ የመማሪያ ዕቃዎች አዘጋጅተው ነበር። በሳን ሎሬንዞ እነዚያኑ ዕቃዎች ለሰፈሩ ልጆች አቀረቡ።

ዘዴው ዛሬም ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን በአንድ ክፍል ያውላል። ዕቃዎቹ ሕፃን በሚደርስባቸው መደርደሪያዎች ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ የፈለገውን አንሥቶ ትንሽ ምንጣፍ ላይ ይሠራበታል፤ ሲበቃው ወደ ቦታው ይመልሳል። ከየዓይነቱ የሚቀርበው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ልጅ ከያዘው ተራ መጠበቅ ግድ ነው። የሰውን ሥራ ማክበር ያለ ምክር የሚለመደው በዚህ ነው።

አንዱን ዕቃ ቀረብ ብሎ ማየት ሐሳቡን ያስረዳል። በረጅም እንጨት ላይ 10 ጉድጓዶች ተፈልፍለዋል፤ በየጉድጓዱ በልኩ የተሠራ፣ አናቱ ላይ መያዣ ያለው ድብልብል እንጨት ይገባል። ልጁ አሥሩንም አውጥቶ ይደባልቃል፤ ከዚያ መልሶ ይከታቸዋል። ቀጭኑን በሰፊው ጉድጓድ ቢከተው ለጊዜው ይገባለታል፤ መጨረሻ ላይ ግን ወፍራሙ መግቢያ አጥቶ እጁ ላይ ይቀራል። «ተሳስተሃል» ያለው ሰው የለም፤ የነገረው ዕቃው ነው። ልጁም ሁሉንም አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ሞንቴሶሪ አንዲት የሦስት ዓመት ያህል ልጅ በዚህ ዕቃ ተመስጣ፣ ሌሎች ልጆች ሲዘፍኑ እንኳ ሳትዘናጋ፣ ሥራውን ከ40 ጊዜ በላይ ስትደጋግም ማየታቸውን ጽፈዋል። የዘዴው እምብርት ይህ ነው። ስሕተቱ ሁልጊዜ በአዋቂ አፍ የሚነገረው ልጅ የአዋቂውን ፊት መመልከት ይማራል፤ ዕቃው የሚያርመው ልጅ ግን ሥራውን ይመለከታል።

የቀሩትም በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 10 ኪዩቦች ሁሉም ሮዝ የተቀቡት፣ የልጁ ዓይን ከመጠን ልዩነት ሌላ የሚያየው እንዳይኖር ነው። ለቁጥር አንድ ዶቃ፣ የ10 ዘንግ፣ የ100 ካሬና የ1000 ኪዩብ አለ፤ ልጁ ሺሕን በስም ከመጥራት አልፎ ክብደቱን በእጁ ያውቀዋል። ቁልፍ መቆለፍና ክር ማሰርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፊደላቱ ደግሞ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው ይለጠፋሉ፤ ልጁ ድምፁን እየጠራ በጣቱ ይከተላቸዋል። እጁ የፊደሉን መንገድ የሚለምደው እርሳስ ከመያዙ በፊት ነው።

ይህ ሁሉ መምህሩን ሥራ ፈት አያደርገውም። አዲስ ዕቃ ለአንድ ልጅ በዝግታ፣ በጥቂት ቃል አሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያ ገለል ብሎ ይመለከታል፤ ለቀጣዩ ሥራ ማን እንደደረሰ ይመዘግባል። ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ልጅ ሲቸገር እጁን ሰብሰብ ማድረግ የማይሆንለት አዋቂ ብዙ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜም ያስፈልጋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ደወል የሚደወልበት ክፍል መመሰጥን ይገድላል።

ተቺዎችም አሉት። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊሊያም ኪልፓትሪክ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዕቃዎቹ ለምናብና ለነፃ ጨዋታ ቦታ ያጠባሉ ብሏል። ወቀሳው በከፊል ተገቢ ነው፤ ሕፃን ጭቃ ማቡካትና ዕቃ ዕቃ መጫወትም ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል፣ በ2006 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ በዕጣ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡትን ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽሯል። የአምስት ዓመት ልጆቹ በንባብና በሒሳብ መነሻዎች፣ ራስን በመቆጣጠርና ከሰው ጋር በመግባባት በልጠው ተገኝተዋል።

በራስ ፍጥነት መማር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ገና ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል። ዛሬ በብዙ ኬጂዎች ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ቀድሞ የገባውም ገና ያልገባውም እኩል ይጎተታል። ከውጭ የመጣ ውድ ዕቃ ይህን አይፈውሰውም፤ በብዙ አገሮች የሞንቴሶሪ ስም በሕግ ስላልተጠበቀ በር ላይ መጻፉም ዋስትና አይሆንም። የብርጭቆ ወረቀት ፊደል ከካርቶን ጋር እዚሁ ይሠራል። ልጅ የሚያስመዘግብ ወላጅ ከክፍያው በፊት ክፍሉን ገብቶ ይይ፤ ልጆቹ በእጃቸው ይሠራሉ ወይስ ተቀምጠው ይሰማሉ? ጀምረው እስኪጨርሱስ የሚታገሣቸው አለ?