ሳይንስ ለሁላችን፦ በደረቅ ነዳጅ የምትበር ትንሽ ሮኬት

ማታ ከትምህርት ስንወጣ ሰማዩን እያያችሁ «ያ የሚሄደው ኮከብ ምንድን ነው?» ትሉናላችሁ። ኮከብ አይደለም። ሳተላይት ነው። ሰው ሠርቶ ወደ ላይ የላከው፣ ምድርን የሚዞር ዕቃ ነው። የፀሐይ ብርሃን ስለሚያርፍበት ኮከብ ይመስላል። ዛሬ እሱን ተሸክማ ስለምታወጣው ስለ ሮኬት እንጽፋለን። ትልልቆቹን ትተን ትንሿን፣ በደረቅ ነዳጅ የምትሄደውን እንይ።

ጠመንጃ የተኮሰ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሰደፉ ትከሻን ይመታል። ሮኬትም እንዲሁ ናት። የነደደው ጋዝ በኃይል ወደ ታች ሲወጣ እሷ ወደ ላይ ትገፋለች።

የሮኬት ነዳጅ ፈሳሽ ወይም ደረቅ ነው። ፈሳሹ እንደ ኩራዝ ጋዝ ነው፤ ግን ብዙ ቧንቧና መግፊያ ይፈልጋል። ደረቁ እንደ ጧፍ ነው፤ ራሱ ይነዳል። ጧፍ ግን አየር ካጣ ይጠፋል። የሮኬት ደረቅ ነዳጅ እንደ ባሩድ ነው፤ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ነገር በውስጡ ይዟል። ስለዚህ አየር በሌለበት ከፍታም ይነዳል። ተሞልቶ መቀመጥም ይችላል። ክፋቱ፣ አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ ድረስ የሚያቆመው የለም። ነዳጁ ስንጥቅ ካለበት ደግሞ እሳቱ በዚያ ገብቶ ሮኬቷን ሊያፈነዳት ይችላል።

ከባዱ ነገር ከፍታው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ከደንዲ ተራራ ጫፍ ድንጋይ ብትወረውሩ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል። አበርትታችሁ ብትወረውሩ ርቆ ይወድቃል። ከአየር በላይ ወጥቶ በአንድ ሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ነገር ግን መውደቁ አይቀርም፣ ምድር ክብ ስለሆነች መሬቱ ከሥሩ ይጎብጥበታል። ስለዚህ ሲዞር ይኖራል። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሳተላይት ይህን በሩብ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አንድ ሮኬት ብቻዋን እዚህ ፍጥነት ላይ ለመድረስ በጣም ይከብዳታል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሮኬቶች ይደራረባሉ። የታችኛው ነዶ ሲያልቅ ባዶ ቀለሁ ይወድቃል፣ የሚቀጥለው ይለኮሳል።

ጃፓኖች በዚህ መንገድ ሄደዋል። በጦርነት ተሸንፈው ገንዘብ ባልነበራቸው ጊዜ፣ በሚያዝያ 1947 ዓ.ም.፣ አንድ ስንዝር የምታህል ሮኬት ተኮሱ። ስሟ «እርሳስ» ነበር፤ እናንተ የምትጽፉበት እርሳስ! የተኮሷት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ወረቀት ደርድረው እየበሳች ስታልፍ አካሄዷን አጠኑ። እኛ ይህን በጣም እንወደዋለን። ከዚያ እያሳደጓት ሄደው ላምዳ የምትባል ባለ አራት ደረጃ ሮኬት ሠሩ። በ1959 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ሳተላይት ሊያወጡባት ሞከሩ፤ ሦስቱም ከሸፈ። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ አራተኛው ከሸፈ። በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀን አምስተኛዋ 24 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት አወጣች። ኦሱሚ ትባላለች። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ምድርን ስትዞር ኖራ በአየር ውስጥ ነደደች።

ላምዳ መሪ መሣሪያ አልነበራትም። ሳተላይት የሚያወጣ ሮኬት ቦምብም መሸከም ይችላልና፣ መሪ ከተጨመረበት የጦር መሣሪያ ይሆናል ብለው በአገራቸው ብዙ ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነበር እንላለን።

ጎረቤታችን ኬንያም የዚህ ታሪክ ቦታ ናት። በማሊንዲ አጠገብ ጣሊያኖች ባሕር ውስጥ የብረት መድረክ አቁመው፣ ስካውት የምትባለውን የአሜሪካ የደረቅ ነዳጅ ሮኬት ከ1959 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ሳተላይት ያወጡባት ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. የወጣችው ሳተላይት ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ቀኑ የኬንያ ሰባተኛ የነጻነት በዓል ነበር። ቦታው የተመረጠው በምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ነው። ምድር በዚያ በኩል በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች፤ ወደዚያ የተተኮሰች ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ታገኛለች።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወጥታለች። እርሻን፣ ደንንና የአየር ጠባይን ከላይ ለማየት የተሠራች ናት። ክብደቷ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ያንሳል። ግን የወጣችው ከቻይና፣ በቻይና ሮኬት ነው፤ ያቺ ሮኬት በፈሳሽ ነዳጅ የምትሄድ ትልቅ ናት። በዓመቱ ሁለተኛዋም እንዲሁ ከቻይና ወጣች።

«ታዲያ ከእኛ አገር ለምን አይተኮስም? እኛም ለምድር ወገብ ቅርብ አይደለንም ወይ?» ብትሉ ጥያቄው ትክክል ነው። ቅርብ ነን። ከፍታም አለን። ነገር ግን ባዶው ቀለህ የት ይውደቅ? በማሊንዲ በኩል ወደ ምሥራቅ ያለው ባሕር ነው። ከአምቦ ወደ ምሥራቅ ብትተኮስ ከፊቷ ጊንጪ፣ ሆለታ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ አሉ። ወደ ምዕራብ ዞር ብትል ጌዶና ባኮ። በየትም ብትዞር ከሥሯ የሰው ቤትና ማሳ ነው።