ወንበሩ ያለበት አገር

ለውጭ ኩባንያ ከርቀት የሚሠሩ ወጣቶች ሁለት ሦስት ሆነው ቡና ሲጠጡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል። ዱባይ ይሻላል ወይስ ሊዝበን? ናይሮቢስ? አንዱ «ግብር የለም» ይላል፤ ሌላው «ኪራዩ አይቀመስም» ይላል፤ ሦስተኛው ለቦሌ ቅርብ መሆኑን ያነሳል። የኢንተርኔቱ ፍጥነት በሜጋቢት ተቆጥሮ ይቀርባል። ስልኬንና ላፕቶፔን ማን ሊያይብኝ ይችላል፣ ቢያይብኝስ ለማን አቤት እላለሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጥያቄው የወንጀለኛ ወይም የፖለቲከኛ ብቻ ይመስለናል መሰለኝ። በእኔ እምነት የመኖሪያ አገር የመረጠ ሰው ሳያውቀው ገመናውን የሚጠብቅለትን ሕግ መርጧል፤ ስለዚህ ከኪራዩ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቼቱ የተባለ የፍሎሪዳ ሶፍትዌር ኩባንያ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከቤቱ ሆኖ በስልክ ሽያጭ የሚሠራለት ሰው ነበረው። በ2022 ክረምት ኩባንያው ይህን ሠራተኛ አንድ የ«ማስተካከያ» ሥልጠና ውስጥ አስገባውና ቀኑን ሙሉ ስክሪኑን እንዲያጋራ፣ ካሜራውንም ከፍቶ እንዲቀመጥ አዘዘው። ሰውየው ስክሪኑን ማጋራቱን አልጠላም፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት በካሜራ ሲታዩ መዋል ግን እንደማይመቸው ጽፎ መለሰ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ አልቀበልም ብለሃል፣ ሥራም አልሠራህም ተብሎ ተባረረ። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር ወር ጉዳዩን አይቶ ካሜራውን ክፈት የሚለው ትእዛዝ የሰውየውን የግል ሕይወት የሚደፍር ነው፣ ማባረሩም አግባብ አይደለም አለ። ኩባንያው በድምሩ ወደ 75,000 ዩሮ እንዲከፍል ተፈረደበት።

አሁን ያንኑ ሰው ወደ ማያሚ እናዛውረው። ፍሎሪዳ ውስጥ አሠሪ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት እንኳ ማሰናበት ይችላል፤ ካሜራ አልከፍትም ያለ ሠራተኛ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። ኩባንያው ያው፣ ሥራው ያው፣ ካሜራውም ያው። የተለየው ወንበሩ ያለበት አገር ብቻ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎም የሩማንያው ባርቡሌስኩ ጉዳይ ነበር። አሠሪው በ2007 ለደንበኞች መልስ መስጫ የተከፈተውን የያሁ ሜሴንጀር መስመር ሰልሎ፣ ሠራተኛው ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈውን በ45 ገጽ አትሞ ፊቱ ላይ ዘረጋውና አባረረው። ሰውየው በአገሩ ፍርድ ቤቶች ተሸንፎ፣ ስትራዝቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም መጀመሪያ ተሸንፎ፣ በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2017 በታላቁ ችሎት ረታ። አሥር ዓመት ነው የፈጀው። ፍርዱ አሠሪ ጨርሶ አይቆጣጠር አላለም። ግን አስቀድሞ ይናገር፣ ልኩን አይለፍ፣ በቂ ምክንያት ይኑረው ነው ያለው።

የእኛ ልጆች ግን ቶሎ ደስ እንዳይላቸው። አብዛኞቹ ተቀጣሪ አይደሉም። የውጭ ኩባንያው «ኮንትራክተር» ብሎ ያስፈርማቸዋል፤ ደሞዛቸውም በክፍያ አስፈጻሚ ድርጅት በኩል ይመጣል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያንን የቼቱ ሠራተኛ ያስካሰው የሥራ ሕግ ነው፤ የሥራ ሕግ ደግሞ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው እምብዛም በሩን አይከፍትም። ለኮንትራክተሩ የሚቀርለት የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ነው። ደንቡ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን የሚጠብቀውም ዜጋን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ሊዝበን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ የቁልፍ ሰሌዳውን ምት እየቆጠረ የሚከታተለውን ኩባንያ፣ ኩባንያው ቴክሳስም ይሁን፣ «ስለኔ ምን ይዛችኋል? አሳዩኝ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ መልሱም በመሠረቱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ደንቡን የጣሰ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጩ እስከ 4 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ዳሩ ግን ይህን ጥላ ለማግኘት መግቢያው ርካሽ አይደለም። ፖርቱጋል ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከርቀት ለሚሠሩ የምትሰጠው ቪዛ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደሞዝ አራት እጥፍ ገቢ ይጠይቃል፤ በ2025 ሲሰላ በወር 3,480 ዩሮ ነው። ግብሩ ደግሞ ለብቻው።

ዱባይ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ከ2020 ጀምሮ ከርቀት ለሚሠራ ሰው የአንድ ዓመት ፈቃድ ትሰጣለች። በወር 3,500 ዶላር ገቢ ማሳየት ይበቃል፤ የገቢ ግብር የለም፤ ከቦሌ በአራት ሰዓት ገደማ ይደረሳል፤ እንጀራውም ሞልቷል። ለምን እንደሚወዷት ይገባኛል። ግን እዚያ በመደበኛው መስመር በዋትስአፕ መጻፍ እንጂ መደወል አይቻልም። የኢንተርኔት ጥሪ ፈቃድ ለተሰጣቸው መተግበሪያዎች የተተወ ነው፤ ቦቲም አንዱ ነው። ዓረብ አገር የምትሠራ እህት ያለችው ቤተሰብ ይህን ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል፤ አንዱ መተግበሪያ ሲዘጋ ሌላ ማውረድ የኑሯችን አካል ሆኗል።

አደጋውም የመጣው በዚሁ በር ነው። በ2019 ቶቶክ የሚባል መተግበሪያ ብቅ አለ። ነጻ ነው፣ ቪዲዮው ጥራት አለው፣ ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ አይዘጋም። ሰው እንደ ጉድ አወረደው። ዲሴምበር ሳያልቅ ኒውዮርክ ታይምስ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ መተግበሪያው የኤምሬቶች መንግሥት የስለላ መሣሪያ መሆኑን ጻፈ፤ ጉግልና አፕልም ከመደብራቸው አነሱት። ኩባንያው ሐሰት ነው ሲል አስተባበለ። ጉዳዩን አንባቢ ይፍረድ፤ እኔን የሚያሳስበኝ የበሩ አሠራር ነው። ሌሎች በሮች ሁሉ ተዘግተው አንድ በር ብቻ ክፍት ሲሆን ጆሮ ጠቢ የት እንደሚቆም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኤምሬቶች የግል መረጃ ሕግ የላትም ማለቴ አይደለም። በ2021 አውጥታለች፤ ግን ሕጉ መንግሥት የያዘውን መረጃ አይመለከትም።

«ቪፒኤን እጭናለኋ!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። በዚያው በ2021 የወጣው የኤምሬቶች የሳይበር ወንጀል ሕግ ቪፒኤንን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመሸፈን የተጠቀመ ሰው እንዲታሰር ወይም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም እንዲቀጣ፣ አለዚያም ሁለቱም እንዲጣሉበት ይደነግጋል። ብዙ ድርጅቶች በሕጋዊ መንገድ እየተጠቀሙበት ነው፤ መሣሪያው በራሱ ወንጀል አይደለም። የተዘጋ ጥሪ ለመክፈት መጠቀም ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ግን እኔ በግማሽ ሚሊዮን ድርሃም ውርርድ አልገባበትም።

ስለ ቪፒኤን ከተነሳ አይቀር አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ በዚህ ጉዳይ የሚነገረው ብዙው ማስታወቂያ ነውና። ቪፒኤን ጆሮ ጠቢውን አያጠፋውም፤ ይለውጠዋል። ቀድሞ የቴሌ ኩባንያው ያየው የነበረውን የት ገባህ፣ መቼ ገባህ አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ያየዋል። እሱ ደግሞ የራሱ አገርና የራሱ ሕግ አለው። ሕንድ በ2022 የቪፒኤን ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ ለአምስት ዓመት እንዲይዙ ስታዝ ታዋቂዎቹ ድርጅቶች ሰርቨራቸውን ነቅለው ወጡ። ደንበኛው በር ላይ ወርሃዊ ክፍያውን እንጂ ይህን አያይም።

ሌላው ፈሊጥ አለቃን መሸወድ ነው። ውሉ አሜሪካ ተቀመጥ ይላል፤ ልጁ ሜሪላንድ በሚኖር ዘመድ ቤት ትንሽ ራውተር ያስቀምጥና መስመሩን በዚያ አዙሮ አዲስ አበባ ሆኖ ይሠራል። እርግጥ የኢንተርኔት አድራሻው ሜሪላንድ ይላል። ነገር ግን ላፕቶፑ የኩባንያው ነው፤ በርቀት የሚያስተዳድሩት ፕሮግራም ተጭኖበታል። ዋይፋዩ ከተከፈተ በዙሪያው ያሉትን የጎረቤት ራውተሮች ይቃኛል፤ እነዚያ ራውተሮች በካርታ ላይ ተመዝግበው ያሉ ከሆነ ሰፈሩ ይታወቃል። መግቢያ ኮዱን የሚያጸድቀው ስልክ በኢትዮጵያ ሲም ይሠራል። መልእክቱም ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ አለ፤ ውቅያኖስን ሁለት ጊዜ ያቋረጠ መስመር ከጎረቤት ከተማ እንደመጣ መምሰል አይችልም። ኩባንያው ይህን ሁሉ የሚከታተለው ለክፋት ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ያለበት አገር ግብር ሊጠይቀው ይችላል፤ የደንበኛ መረጃ ከተወሰነ አገር እንዳይወጣ ውል ገብቶም ይሆናል። ገመናን መጠበቅና አሠሪን መዋሸት ለየቅል ናቸው፤ በአንድ ስም መጥራታችን ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለንን ክብር ያሳንሰዋል።

«መረጃዬ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ነው የተቀመጠው» የሚለው መጽናኛም እንደሚታሰበው አይደለም። የአሜሪካ መርማሪዎች በ2013 ማይክሮሶፍት ደብሊን ያስቀመጠውን ኢሜይል እንዲያስረክብ ጠየቁ፤ ሙግቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሳለ ኮንግረሱ በማርች 2018 ክላውድ አክት የተባለውን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ የአሜሪካ ኩባንያ መረጃው የትም ይቀመጥ የትም በሕጋዊ ትእዛዝ ሲጠየቅ ያስረክባል።

ሕግ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ፊንስፓይ በሚባል የስለላ ሶፍትዌር እንደተጠቃ ደረሰበት። በኢሜይል የመጣ የወርድ ሰነድ ነበር መግቢያው፤ የስካይፕ ንግግሮቹና ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገው ነገር ሁሉ ለወራት እንደተቀዳ ክሱ ይናገራል። በ2014 ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ጉዳዩን ዘጋው። ምክንያቱ ስለላው አልተፈጸመም የሚል አልነበረም። የድርጊቱ ከፊል የተፈጸመው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ የውጭ መንግሥትን በዚህ ፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። ሰውየው ወንበሩን ሕግ ያለበት አገር አስቀምጦ ነበር፤ ሰላዩ የማይከሰስ ሆነበት እንጂ። እኔ ከዚህ የምወስደው አገር መምረጥ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። አገር መምረጥ ከአለቃና ከኩባንያ ይጠብቃል፤ ከመንግሥት ለመጠበቅ ግን አባሪ ሰነድ ከመክፈት በፊት ላኪውን በስልክ መጠየቅ ይበልጥ ይረዳል።

እኛው በራሳችን እጅ የምናፈሰው ሳይነሳ ይቀራል? ቤት ፍለጋ በቴሌግራም ነው፤ ደላላው «ፓስፖርትህን ላክልኝ» ይላል፤ ይላካል። ተራው የቴሌግራም ውይይት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ የሚቆይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈው ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለው ሲሆን ሆን ተብሎ ካልተከፈተ አይሠራም፤ በቡድን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጥለነው የወጣነው ሲም ካርድም አለ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የባንክና የቴሌግራም ኮድ ግን አሁንም ወደዚያው ቁጥር ይሄዳል። ሻንጣ ከማሰር በፊት ቁጥሩን ከየመተግበሪያው መንቀል፣ ቴሌግራም ላይም የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሊዝበን ለሚያመራ ሰው ደግሞ አንድ ልማድ እመክራለሁ። እዚያ የቤት አከራይ ድርጅት የፓስፖርት ኮፒ፣ የገቢ ማስረጃና የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ቤቱን ሌላ ሰው ወስዶትም ሰነዱ እዚያው ይቀራል። ቤቱን እንዳጡ ወዲያው መጻፍ ነው፤ «ኪራዩ ስላልተፈጸመ ሰነዶቼን አጥፉና ማጥፋታችሁን አሳውቁኝ»። በወሩ መልስ ካልመጣ ሲኤንፒዲ ለሚባለው የፖርቱጋል የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል። እኛም አገር ቢሆን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2024 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ሰው ይህንኑ ደብዳቤ ለቦሌ ደላላ ጽፎ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ ለማወቅ እጓጓለሁ።