ነፃነት ከሕግ ይቀድማል፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ታሪክ የተወሰደ ምልከታ

የሰብአዊ መብት ምንጭ ፈጣሪ ነው፣ የሰው ተፈጥሮ ነው ወይስ መንግሥት የሚያወጣው ሕግ? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና አገሮች ግን የብዙዎችን ሕይወት የነካ ጥያቄ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሂርማታ ገበያ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። የዘመኑ ሥርዓት ይህን እንደ ማንኛውም ንግድ ተቀብሎታል። መብት ከመንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ገበያ የቆመው ምርኮኛ ተበደለ ማለት ባልተቻለ ነበር። ተበደለ የምንለው ሕግ ከመጻፉ በፊት የራሱ የሆነ ነገር ስለ ተወሰደበት ነው።

የአገሪቱ ሃይማኖቶች ይህን ያውቁ ነበር። ክርስትና ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን ያስተምራል፤ እስልምና ባሪያን ነፃ ማውጣትን የጽድቅ ሥራና የኃጢአት ማካካሻ ያደርጋል። ፍትሐ ነገሥትም ነፃነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን ያምናል፤ ሆኖም ጦርነት ሰውን ለሰው እንደሚያስገዛ ገልጾ ባርነትን በሕግ ያስተናግዳል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ምንጩ መለኮታዊ ከሆነ አማኞች ስለ ምን ባሪያ ገዙ? መልሱ ምንጩን ማወቅና መብቱን ማስከበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የአስቴር ጋኖ ታሪክ ይህን ያሳያል። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት የኖረችው አስቴር፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ስትጓዝ ጣልያኖች መርከቧን ይዘው ነፃ አወጧት። ኋላም ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ተሳትፋለች። ያ የማስተዋል ችሎታ መርከቧ ስትያዝ የተፈጠረ አይደለም፤ በባርነቷም ዘመን ነበራት። ነፃ መውጣቷ እንቅፋቱን አነሣላት እንጂ ሰውነትን አልሰጣትም።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን መንገድ ዘረጋ፤ የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ አንዳንድ ልዑካን የፈጣሪ ስም እንዲጠቀስ ጠይቀው ነበር፤ መግለጫው የልዩ ልዩ እምነት ሰዎችን ሁሉ እንዲያስማማ ሲባል ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10 መብቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ እንደሚመነጩ ይደነግጋል። አማኙ ይህን ተፈጥሮ የፈጣሪ ሥራ ይለዋል፤ ሌላው በተፈጥሮነቱ ይቀበለዋል። ሁለቱም ግን መንግሥት ያልሰጠውን ሊነሣ እንደማይችል ይስማማሉ።

ይህ ስምምነት ገና ከማዕድ አልደረሰም። በጎረቤት ካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት በጋብቻና አብሮ በመብላት ሲገለሉ መኖራቸው ተጠንቶ የታወቀ ነው። ይህን መገለል የሚያዝዝ አዋጅ የለም፤ የሚያኖረው ልማድ ነው። ስለዚህ የመብትን ምንጭ ማስተማር የፍርድ ቤት ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ትምህርት ቤቱ ነፃነት ከሕግ እንደሚቀድም በቃል የሚያምኑትን ያህል፣ ጎረቤትን ከማዕዳቸው ባለማራቅ ሊመሰክሩለት ይገባል።