በኅዳር መንገድ ላይ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማክሰኝት ኅዳር ሲያልቅ ዐይን የሚያየው ብዙ ነው። ጤፉ ይታጨዳል፤ ነዶው ይከመራል፤ ሴቶች እንስራ አዝለው ከውኃ ይመለሳሉ። እኛም ማለዳ ማለዳ በሰፈሩ እየዞርን ይህን ሁሉ በእጅ ስልካችን ፎቶግራፍ ማንሣት ልማድ አድርገናል።

ሥራው የሚነቀፍ አይደለም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመን ተወላጆች የሆኑት የቦያጅያን ቤተሰብ የነገሥታቱን መልክ በፎቶግራፍ አቆይተውልናል። የአጫጁንና የውኃ ቀጂዋን መልክ ግን ጎረቤት ካላስቀመጠው ማን ያስቀምጠዋል?

ነገር ግን አንድ ቀን ከታጨደ ማሳ ቃርሚያ የሚለቅሙ እናት አየንና ሳንጠይቅ ስልካችንን ደገንን። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዘወር አሉ። እጅግ አፈርን። ቃርሚያን ለድኻ መተው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የታዘዘ ነው፤ ሩትም በቦዔዝ እርሻ ቃርማለች፤ ስለዚህ መቃረም ነውር የለበትም። ነውሩ እኛ ሰውን እንደ ዛፍ መቍጠራችን ነበር። ቀርበን እጅ ነሣን፤ ይቅርታም ጠይቀን ፎቶግራፉን በፊታቸው አጠፋን።

«እንግዲያስ ልጆቼ፥ ቀና ስል አንሡኝ» አሉን። አነሣናቸው፤ አሳትመንም ወሰድንላቸው።

ወላጆች ሆይ፤ ስልክ ለያዙ ልጆቻችሁ ይህን አስተምሩ። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ ነውና፥ መልኩን ከመውሰድ አስቀድሞ ሰላምታ መስጠትና ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል።