ቢሮ መግባት ብቻ ነው እንዴ ማደግ?

በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ወደፊት ኑሯችን ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚሰማ ነገር አለ። «ሁለት ሦስት ዓመት አስተምራለሁ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህር፣ ከዚያ ወረዳ ቢሮ» ይባላል። ቢሮ የገባ መምህር «አደገ» ይባላል። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዞ የቆመው ግን «እዚያው ቀረ» ነው የሚባለው። ይህ አነጋገር እንደ ቀልድ ቢወራም ትልቅ ጥያቄ ያዘለ ነው። ክፍል ውስጥ መቅረት ዝቅ ማለት ከሆነ፣ እኛ ታዲያ እዚህ የመጣነው ለምንድን ነው?

ሐሳቤን ለማስረዳት የአንድ የበቆሎ ተመራማሪ ሕይወት ላንሳ። ሰውየው ጆርጅ ዌልስ ቢድል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ፣ በነብራስካ ግዛት፣ ዋሁ በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ልጅ ሳለ ነው። አባቱ እርሻውን እንዲረከብ ይፈልግ ነበር። ያም ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምሩት የነበሩ ቤስ ማክዶናልድ የተባሉ ሴት መምህር፣ ሊንከን ከተማ ወዳለው የእርሻ ኮሌጅ እንዲሄድ መከሩት፤ ገፋፉትም። እሱም ሄደ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እኚህ መምህር የኖቤል ሽልማት አልተሸለሙም፣ ዩኒቨርሲቲም አልመሩም። ክፍል ውስጥ «የቀሩ» ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ባልኖረ ነበር።

ቢድል በ1926 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1927 ሁለተኛውን አገኘ። ከዚያም ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በፕሮፌሰር ኤመርሰን ሥር የበቆሎን የዘር ውርስ አጠና፤ በ1931 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በኋላ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከኤድዋርድ ቴተም ጋር ሆኖ ጥናቱን በዳቦ ሻጋታ ላይ አደረገ። ሻጋታውን በራጅ ጨረር እየመቱ ዘሩን አንድ በአንድ በየብልቃጡ ያሳድጉ ነበር። አንዱ ሲያቅት ሌላ፣ እሱም ሲያቅት ሌላ! የፈለጉትን ያገኙት በ299ኛው ላይ ነው። ይህ ሻጋታ ቫይታሚን ቢ6ን ራሱ መሥራት አቅቶት ሲሰጠው ብቻ የሚያድግ ነበር። ከዚህ በመነሳት በ1941 አንድ ጂን የአንድን ኢንዛይም ሥራ እንደሚወስን አመለከቱ። ዛሬ ነገሩ ከዚያ ይበልጥ የረቀቀ መሆኑ ቢታወቅም መሠረቱን የጣሉት እነሱ ናቸው። በዚህም በ1958 ከጆሹዋ ሌደርበርግ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን ወደ ቢሮው እንምጣ። ቢድል በ1946 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሥነ ሕይወት ክፍል ኃላፊ ሲሆን የራሱን ምርምር ተወ። በ1961 ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መሪ ሆነ፤ እስከ 1968 ድረስም ሠራ።

«ይኸው! እሱም ቢሮ ገባ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገባ። ደግሞም ጎበዝ ሰው ሁሉ ኃላፊነትን ከሸሸ ቦታውን የሚይዘው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። ቢድል ኃላፊ ሳለ እንደ ማክስ ዴልብሩክ ያሉትን ታላላቅ ተመራማሪዎች ወደ ተቋሙ ያመጣው የምርምርን ጣጣ ራሱ አይቶት ስለነበር ነው። ስለዚህ ኃላፊነትን አልነቅፍም።

ግን ወንበሩ ቀላል አልነበረም። በጥር 1962 የቺካጎ ተማሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲው በባለቤትነት በያዛቸው ቤቶች ጥቁር ተከራዮች እንዳይገቡ መደረጉን በመቃወም እሱ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። አስተዳደሩ ለውጡ ቀስ በቀስ ነው መሆን ያለበት አለ። ተማሪዎቹ አልተቀበሉትም፤ በእኔ አስተያየትም ተማሪዎቹ ልክ ነበሩ። የኖቤል ተሸላሚ መሆን ሰውን በወንበር ላይ ከስሕተት አያድንም። ሻጋታ 299 ጊዜ እስኪመረመር ይታገሣል፤ መብቱ የተነካ ሰው ግን «ቀስ በቀስ» ሲባል እንዴት ይታገሣል?

ከሁሉ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ በ1968 ከወንበሩ ሲወርድ በቀጥታ ወደ በቆሎው ተመለሰ! በወጣትነቱ፣ በ1939፣ የበቆሎ አባት ቴኦሲንቴ የተባለው የሜክሲኮ የዱር ሣር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። ለምን ቢባል የቴኦሲንቴ ራስ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆን፣ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ሽፋን የተዘጋ ፍሬ ብቻ ነው የሚይዘው። ከበቆሎ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሽማግሌው ሁለቱን አዳቅሎ ሜክሲኮ ውስጥ 50,000 ያህል የልጅ ልጆቻቸውን አበቀለና ቆጠረ። ስሌቱ ክፍል ውስጥ የምንማረው የሜንዴል ስሌት ነው። ልዩነቱ በአንድ ጂን ቢሆን ከአራቱ አንዱ አንደኛውን አያት ይመስላል፤ በአራት ጂን ቢሆን ከ256 አንዱ፣ በአምስት ቢሆን ከ1,024 አንዱ። ቢድል ያገኘው ከ500 ገደማ አንዱ በቆሎውን፣ ከ500 ገደማ አንዱ ደግሞ ቴኦሲንቴውን ሲመስል ነው። እንግዲህ ዋናው ልዩነት የአራት ወይም የአምስት ጂን ጉዳይ ነው ማለት ነው። ከእሱ በኋላ በጂን ደረጃ የተደረገው ጥናትም የበቆሎ ምንጭ ቴኦሲንቴ መሆኑን አጸና። እኛ በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ማሽላ» የምንለው እሸት የሩቅ አያቱ ይህ ሣር ነው። ቢድል በ1989 አረፈ።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ለቢድል ቢሮ የሥራ ተራ ነበር፤ ሲጨርስ የሚመለስበት ማሳ ነበረው። እኛስ? ክፍሉን የምናየው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ከሆነ፣ ነገ ኃላፊ ስንሆን ምን አውቀን ነው የምንመራው? ስንወርድስ ወዴት ነው የምንመለሰው?

ስለዚህ «አደገ» የሚለውን ቃል ለሁለቱም እንስጥ። ኃላፊነት የሚደርሰው ይቀበል፤ ግን ጠመኔውን አይርሳ። ክፍል ውስጥ የሚቆየውም አንገቱን አይድፋ። ምናልባት ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ፣ አባቱ ለእርሻ የሚጠብቀው፣ አንድ ምክር ብቻ የጎደለው ልጅ ሊሆን ይችላልና።